ሶፍትዌሩን መሐል ሜዳ ላይ ፈትኑት

በአገራችን ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ በባንኮቻችን፣ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚገዛበት መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለይም። ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ከታወቁ ምርቶች ብሮሹር እየለቀመ ገጽ የሚሞላ ስፔስፊኬሽን ያወጣል። ተጫራቾች በየመስመሩ ትይዩ «ያሟላል» እያሉ ይሞላሉ፤ «አያሟላም» ብሎ የሞላ ተጫራች እስካሁን አልተወለደም። ቀጥሎ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ዲሞ ይቀርባል። ካርታው ያበራል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፣ ሻይ ቡና ይባላል። በመጨረሻም ስሙ የገነነው፣ ሞጁሉ የበዛው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ የከበደው ያሸንፋል። «ትልቅ ድርጅት ትልቅ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል» የሚለውን አባባል ቆም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አባባሉ ስህተት ነው። ስህተትነቱም ከዋጋው አይደለም፤ ገንዘቡ ካለ ይከፈላል። ችግሩ ምርጫው የሚካሄደው ኔትወርኩ በማይታመምበት ቦታ መሆኑ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ጀነሬተር አለው፣ ሁለት የፋይበር መስመር አለው፣ ኢንጂነሮቹ ከሰርቨር ክፍሉ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ማንኛውም ሶፍትዌር ጎበዝ ነው። የሚለየው የሩቁ ቅርንጫፍ ሲጨልም ነው፤ ደንበኛው መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት ማን ምን አወቀ፣ ምንስ አደረገ? ከዚህ ጥያቄ የማይነሳ ምርጫ የዳሽቦርድ ውድድር ነው።

መሐል ሜዳን እንውሰድ። የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። መንገዷ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ይመጣል። ከደብረ ብርሃን የሚነሳ ቴክኒሻን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ እሱም መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው፣ ያለፉትን ዓመታት ደግሞ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ፣ ጭቃውና መብረቁ ይጨመርበት። እዚያ ያለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ምናልባትም ኤቲኤም ይኖረዋል። በገበያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በግ የሸጠ ገበሬ ብሩን ሊያስገባ፣ ነጋዴ ለደሴ ሊልክ፣ መምህር ደመወዙን ሊያወጣ ተሰልፏል እንበል። መስመሩ ቀጥ አለ።

አዲስ አበባ ያለው ውድ ሶፍትዌር በዚያች ቅጽበት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጠየቅሁት፣ አልመለሰም።» ሦስት ጊዜ ይሞክርና ነጥቡን ቀይ ያደርጋል። መሣሪያዎች ችግር ሲገጥማቸው ራሳቸው የሚልኩት ትራፕ የሚባል መልእክት አለ አይደል? አለ፤ ግን የሚጓዘው በዚያው በተቋረጠው መስመር ስለሆነ አይደርስም። ቀይ ነጥቡ ምን ማለት ነው ታዲያ? የከተማው መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪ ስላለቀ ሊሆን ይችላል። መንገድ የሚሠራ ዶዘር ፋይበሩን ቆርጦት ይሆናል። መብረቅ የራውተሩን ፓወር ሰፕላይ አቃጥሎት ይሆናል። ሞላሌ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ያለ የቴሌ መሣሪያ ወድቆ ይሆናል። ወይም ከብርዱ ብዛት አንዱ ሠራተኛ የራውተሩን ሶኬት ነቅሎ ማሞቂያ ሰክቶበታል። አምስቱም አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየብቻ ነው። ለመጀመሪያው ማንም ወደዚያ መሄድ የለበትም። ለሁለተኛውና ለአራተኛው ቴሌ ጋ መደወል ነው። ለሦስተኛው ትርፍ ራውተር የጫነ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ባዶ እጁን ደርሶ ከተመለሰ ሁለት ቀን ጠፋ። ለአምስተኛው አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል።

እነዚህን አምስት ነገሮች መለየት ነው እንግዲህ ሥራው። የሚለያቸው ደግሞ በጨረታው ላይ ነጥብ ያስገኘው «በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የታገዘ የመንስኤ ትንተና» የተባለው ሞጁል አይደለም። ሞጁሉ የሚተነትነው የደረሰውን መረጃ ነው፤ የመብራት መረጃ ካልደረሰው መብራት መጥፋቱን ከየት ያመጣዋል? የሚለየው ዩፒኤሱ ላይ የሚገጠም ትንሽ የኔትወርክ ካርድ ነው። «ከመብራት ወደ ባትሪ ተዛውሬያለሁ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶኛል» ብሎ መስመሩ ሳይሞት ይናገራል። የሚለየው፣ አንዳንድ ራውተሮችና የፋይበር ሞደሞች ኃይል ሲቋረጥባቸው ከመጥፋታቸው በፊት የሚልኩት የመጨረሻ ትንፋሽ የሚባል ምልክት ነው። ሶፍትዌሩ መሐል ሜዳ የምትደረሰው በየትኛው መሣሪያ በኩል እንደሆነ ተነግሮት ከሆነም፣ ደብረ ብርሃን ሲወድቅ ሥሩ ያሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ ለየብቻ ማስጮኹን ትቶ «ደብረ ብርሃን ነው» ይላል። ይህን የመጨረሻውን ነፃ ሶፍትዌሮችም ውድ ሶፍትዌሮችም ያደርጉታል፤ የጎደለው የቅርንጫፎቹን ትስስር ቁጭ ብሎ የሚያስገባ ሰው ነው። ስፔስፊኬሽኑ ውስጥ ስለ ዩፒኤስ ካርድ አንድ መስመር የጻፈ ኮሚቴ ካለ ላመስግነው ዝግጁ ነኝ። «የኔትወርክ ጉዳይ አይደለም፣ የፋሲሊቲ ነው» ይባላል፤ ቅርንጫፉን የሚያጨልመው ግን ይኸው የፋሲሊቲ የተባለው ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፤ ፈረንጅ አገር የተጻፈ ስፔስፊኬሽን ውስጥ ስለማይገኝ ነው። ከቅርንጫፍ የሚደውለው ሠራተኛ «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የለም» ይላል። የኖክ፣ ማለትም የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ተረኛ 3:00 ብሎ ቲኬት ይከፍታል። ሶፍትዌሩ 9:00 ብሎ መዝግቧል። በወሩ መጨረሻ ከመስመር አቅራቢው ጋር «ስንት ሰዓት ተቋረጠ፣ ስንት ይካሳል» የሚል ክርክር ሲነሳ ሁለቱ መዝገቦች ስድስት ሰዓት ይራራቃሉ። በዚህ ላይ የተበላሸ ሪፖርት በዓይኔ አይቻለሁ። የመቶ ሺህ ዶላር ሶፍትዌር አያድነውም፤ ቲኬቱ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል አንድ ሳጥን መጨመር ግን ያድነዋል። ስለዚህ ምርቱ እንዲህ ያለ ሳጥን እንድንጨምርበት ይፈቅድልናል ወይስ ለእያንዳንዷ ለውጥ አማካሪ መቅጠር አለብን? ይህ ጥያቄ ከብዙዎቹ የስፔስፊኬሽን መስመሮች ይበልጣል።

ስለ ሐሰተኛ ቀይም እናውራ። ፋይበር ያልደረሰበት ቅርንጫፍ በሳተላይት ይሠራል። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ዝናብ ሲኖር ደግሞ ፓኬት ይጠፋል። ሶፍትዌሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የመጠበቂያ ጊዜና የማንቂያ ወለል ለከተማ ፋይበር የተለካ ከሆነ ቅርንጫፉ ቀኑን ሙሉ ቀይና አረንጓዴ ሲል ይውላል። ሠራተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ይደነግጣል፣ በሁለተኛው ይሰለቻል፣ በሦስተኛው ማንቂያውን ያጠፋዋል። ግድግዳ የሚያህሉ ስክሪኖች የተደረደሩባቸውን የኖክ ክፍሎች ጎብኙ፦ ሩብ ያህሉ ነጥብ ቀይ ነው፣ ማንም አይመለከተውም። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ይነሣበታል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ኤቲኤሞችና መጠባበቂያ መስመሮች ሁሉ ስክሪኑ ላይ «ብልሽት» ሆነው ነው የሚወጡት። «ይህ ብልሽት አይደለም፣ ተዘግቷል» ብሎ በአንድ ጊዜ መመደብና ከእውነተኛው ብልሽት መነጠል መቻል ለእኛ አገር ትርፍ ነገር አይደለም፤ በየትኛው ዲሞ ላይ ተጠየቀ?

«ያሟላል» የሚለው ቃል ምን ያህል ባዶ እንደሆነ አንድ ማሳያ በቅርብ እንይ። ራውተርና ስዊች ያለፈባቸውን ባይት የሚቆጥሩበት የቆየው ቆጣሪ 32 ቢት ነው፤ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ይህ በ34 ሰከንድ ይሞላል። ሶፍትዌሩ በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ ከሆነ ቆጣሪው በመካከል ስምንት ጊዜ ዞሮ ይጠብቀዋል፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚያየው የመጨረሻውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ አፉ ድረስ የሞላ መስመር ግራፉ ላይ ከ115 ሜጋቢት በታች ሆኖ ይታያል፤ ሥራ አስኪያጁም «መስመራችን አንድ አሥረኛው ብቻ ነው የተያዘው» ብሎ ለቦርድ ያቀርባል። መድኃኒቱ 64 ቢት ቆጣሪ ነው፤ ስፔስፊኬሽኑም ጠይቆታል፣ ሁሉም ተጫራች «ያሟላል» ብሏል፣ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መሣሪያው ከሶፍትዌሩ ጋር በሚነጋገርበት ቋንቋ፣ በኤስኤንኤምፒ፣ የመጀመሪያ ቨርዥን የተዋቀረ ከሆነ ያ ቨርዥን 64 ቢት ቆጣሪን ጭራሽ አይሸከምም። ምርቱ አሟልቷል፤ ግራፉ ይዋሻል። ልዩነቱን የፈጠረው እያንዳንዱን ራውተር ከፍቶ ያስተካከለ ወይም ሳያስተካክል ያለፈ ኢንጂነር ነው።

የትልቁ ሶፍትዌር ወገን የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ «አንተ የምታወራው ስለ መስመር ነው፣ ትልቁ ጥቅል አገልግሎቱን በሙሉ ያያል» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የገጠመውን እናስታውስ። በአንድ ሌሊት ደንበኞች፣ ከመካከላቸውም ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ፣ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም አስታወቀ። ገንዘቡ ሊወጣ የቻለው እኮ መስመሩ ስለሠራ፣ ኤቲኤሙ ስለመለሰ፣ ሰርቨሩ ስለታዘዘ ነው። ራውተርና ሰርቨር የሚያይ ካርታ እንዲህ ባለ ሌሊት አረንጓዴ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለውን የሚይዘው «በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ወጪ አይጠበቅም» የሚል፣ የባንኩን ሥራ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ተራ ሕግ ነው። የንግድ ባንክን ያህል ከ1,900 በላይ ቅርንጫፍ ያለው ተቋም የራሱን መደበኛ ቀን ከማንም አቅራቢ በላይ ያውቃል፤ ሕጉን ሊጽፍለት የሚችል ጥቅል ከውጭ አይመጣም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ትልቅ ስም ዘላቂ ነው» የሚለው ነው። የኦፕንቪውን ታሪክ እዩት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኔትወርክ አስተዳደር ሲባል ቀድሞ የሚጠራው የኤችፒ ኦፕንቪው ነበር። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁለት ተከፈለ፤ የሶፍትዌር ክፍሉ በ2017 ወደ ማይክሮ ፎከስ ሄደ፤ ማይክሮ ፎከስን በ2023 ኦፕንቴክስት ገዛው። ሲኤ የተባለው ሌላው የሶፍትዌር ኩባንያ ምርቶችም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ብሮድኮም ገቡ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የላይሰንሱ ደንብ፣ የድጋፉ ስልክ፣ የምርቱ ስም ይለወጣል፤ እዚህ ያለው ደንበኛ የሚሰማው ከዓመት በኋላ ነው። በነፃ የሚሰራጨው ዛቢክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዚያው ስም፣ በዚያው ጀማሪው እጅ አለ። ማን ነው ዘላቂው?

«ውዱ ይበልጥ አስተማማኝ ነው» ለሚሉም የሶላርዊንድስን ጉዳይ አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ላይ ይፋ እንደሆነው ሰርጎ ገቦች ኦሪዮን በተባለው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ምርት ማሻሻያ ውስጥ ተንኮል አዘል ኮድ ሸጉጠው ነበር፤ ማሻሻያው ወደ 18,000 ደንበኞች ደረሰ። ከተጎዱት መካከል የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴርና የንግድ ሚኒስቴር ነበሩበት፤ ነገሩን ደርሶበት ያጋለጠው ፋየርአይም ራሱ የጥበቃ ኩባንያ ሆኖ ሳለ ተጠቂ ነበር። ነፃ ሶፍትዌር ይህ አይደርስበትም አልልም። የምለው የሁሉንም መሣሪያ ቁልፍ የያዘ ሶፍትዌር በስሙ ሊታመን አይገባም ነው። ማንበብ እንጂ መለወጥ የማይችል ፈቃድ ይሰጠው፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ይዘጋ፤ መጀመሪያ ግን ገና «ፐብሊክ» በሚል የይለፍ ቃል የሚሠሩት ራውተሮች ይስተካከሉ።

የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ለመናገር ረጅም ክርክር አያስፈልገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመሣሪያ ብዛት በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ላይሰንስ የያዘ መሥሪያ ቤት ሂሳቡ ውሎ አድሮ ከእጥፍ በላይ አደገበት፤ የመሐል ሜዳው ራውተር ግን ያው ራውተር ነው። ላይሰንስ ሲያጥር ደግሞ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፦ «ዋና ዋናዎቹ ይግቡ» ይባልና ከዝርዝሩ የሚሰረዙት የሩቆቹ ቅርንጫፎች ናቸው።

«ኢትዮ ቴሌኮምስ?» ይባላል። የቴሌኮም ኦፕሬተር ጉዳይ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ የተከፋፈለ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሲታሰር መሣሪያውና መቆጣጠሪያው አብረው መምጣታቸው ግድ ነበር፤ የአንድ አምራች የሞባይል ጣቢያ ያለ አምራቹ ሶፍትዌር አይገራም። ባንክ ግን የሚያስተዳድረው ራውተር፣ ስዊች፣ ኤቲኤምና ዩፒኤስ ነው። ሁሉም የጋራ ቋንቋ አላቸው። ኦፕሬተር ያደረገውን መቅዳት ያለበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደሚከብደኝ ተቃውሞ ልምጣ። «ነፃውን ሶፍትዌር አንድ ጎበዝ ልጅ ይሠራዋል፤ ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ስክሪፕቱን የሚያነብ ይጠፋል።» እውነት ነው። ይህ የደረሰባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ «ነፃ ነው፣ እንጫነው» ብለው ሰው ያልመደቡበት ሁሉ ይደርስባቸዋል። ነፃ ሶፍትዌር ነፃ ሥራ የሚመስላቸው ወዳጆቼም ከኮሚቴው የተሻሉ አይደሉም። ግን ውዱን ምርት ሠልጥኖ የመጣው ልጅም እኮ ይሄዳል፤ እንዲያውም ሰርተፊኬቱን ይዞ ቶሎ ይሄዳል። የቀረው ምርት በመጀመሪያው ዓመት እንደተዋቀረ ሳይነካ ይኖራል፤ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ካርታው ላይ የሚያስገባው የለም። በሁለቱም መንገድ ያለው አደጋ የሰው ነው። ስለዚህ ክርክሬ ስለ ነፃና ስለ ውድ አይደለም። ገንዘቡ ከላይሰንስ ይልቅ ለሦስት አራት ቋሚ ኢንጂነሮች፣ ለጽሑፍ ሰነድ፣ ለዩፒኤስ ካርድና ለትርፍ ራውተር ከዋለ የትኛውም ሶፍትዌር ይሠራል ነው የምለው። የሚከፈልበትን መምረጥ የሚያስገድድ ሁኔታ ቢኖር እንኳ ከእነዚህ በኋላ ነው።

የቅርንጫፉ ሰዎችም ከጨዋታ ውጭ መሆን የለባቸውም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው በቀሮ ሥርዓት ነው፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት፣ የሚጠብቁትም ከተጠቃሚው መካከል በተመረጠ፣ አፈሮ በሚባል አለቃ የሚመሩት ባለ ድርሻዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ የጓሳው ጥበቃም ላላ። ኔትወርክም እንዲሁ አጠገቡ ያለ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ገንዘብ ያዥ ወይም ጥበቃ «የራውተሩ ሁለተኛ መብራት ጠፍቷል» ብሎ መናገር ቢችል የኖኩን ሥራ በግማሽ ያቀልለታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ራውተሩ ላይ በአማርኛ የተለጠፈ ወረቀት ነው፦ ይህ መብራት የኤሌክትሪክ ነው፣ ይህ የቴሌ መስመር ነው፣ ይህ ሲጠፋ በዚህ ቁጥር ደውሉ፣ ይህን ሶኬት አትንቀሉ። የምትገዙት ሶፍትዌር ከዚያ ሰው የመጣን መልስ መዝግቦ ከነጥቡ ጋር ማያያዝ ይችላል?

ስለዚህ ለሚቀጥለው ኮሚቴ ያለኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ሠንጠረዡን ወደ ሃያ መስመር አውርዱት። ኮሚቴው ውስጥ ከኖክ የሌሊት ተረኞች አንዱን አስገቡ። ከዚያ ለመጨረሻ ዙር ያለፉትን ሁለት ምርቶች ለአንድ ወር ራቅ ያሉ ሦስት ቅርንጫፎች ላይ ጎን ለጎን ትከሏቸው፤ መሐል ሜዳ አንዷ ትሁን። አንድ ቀን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ብሬከሩን አጥፉ። በሌላው ቀን የፋይበሩን ኬብል ንቀሉ። በሦስተኛው ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። አዲስ አበባ ያለው ተረኛ ስልክ ሳይደውል ሦስቱን ለይቶ መናገር ከቻለ ሙሉ ነጥብ ስጡ፤ «ቀይ ነው» ብቻ ካለ ዜሮ። በወሩ ውስጥ የመጡትን ሐሰተኛ ማንቂያዎች ቁጠሩና ከነጥቡ ላይ ቀንሱ። አቅራቢው «ምርታችን እንዲህ ባለ ሁኔታ አይፈተንም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ለዚህ የሚሆን በጀት የለም እንዳትሉኝ። ለውጭ አገር ሥልጠና ዱባይ የሚላክ ሰው አበል ለመሐል ሜዳው ቡድን ሁሉ ይበቃል። ብርዱን የሚፈራ ካለ የበግ ጸጉር ባናው እዚያው ገበያ ላይ ይሸጣል።